ፍም፣ ጋቢና ጄሪካን፦ ጌዴኦ ክረምቱን በምን ይሻገራል?

የጌዴኦ ዞን ከተማ በሆነችው ዲላ ክረምት ማለት እርጥብ እንጨት ማለት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ወይና ደጋ ናት፤ ብርዷ ጋቢ ለደረበ ሰው ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አንድ ዙር ይጥላል፤ ጥቂት ፋታ ሰጥቶ ከሐምሌ ገደማ እስከ ጥቅምት ይመለሳል። በዚህ መሀል የተፈለጠ እንጨት ቀርቶ የታጠበ ልብስም በቅጡ አይደርቅም። ጎንበስ ብለው እፍ ቢሉት ዓይን ከማቅላት በቀር እሳቱ እሺ አይልም። በዚያው ሰሞን መብራት ይጠፋል፤ በዚያው ሰሞን ማደያው ደጃፍ ባጃጆች ይደረደራሉ።

የማገዶው፣ የመብራቱና የነዳጁ ችግር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለየብቻ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ግን ተራ ጠብቀው አይገቡም። መብራት ሲጠፋ ከሰል ይወደዳል፤ ከሰል ሲወደድ ጓሮ ያለው ዛፍ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ጄኔሬተር ያለው ደግሞ ቤንዚን ፍለጋ ይወጣል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ጌዴኦ የኃይል ድሃ አይደለም። የጎደለው የትኛው ኃይል ለየትኛው ሥራ ይሆናል የሚለው ሒሳብ ነው። ብዙ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ሕይወት፣ የሚጠፋው ሁሉን የሚተካ አንድ ዕቃ ሲፈለግ ነው።

ከሙቀቱ እንጀምር። ከዲላ ወደ ደጋው ቡሌ የሚወጣ ሰው ጉዳዩን በቆዳው ያውቀዋል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ የዞኑ ደጋ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ጠዋት ዲላ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው የደጋው ጫፍ ሲደርስ ስምንት ዲግሪ ያህል ተቀንሶበታል። እዚያ አገሩ የገብስ፣ የቀርከሃና የእንሰት ነው፤ በብዙ ቤት እሳት ቀን ተዳፍኖ ማታ ይጫራል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ጋዝ ሲቀንስባቸው አውሮፓውያን የተጨቃጨቁት ክፍላቸውን ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያቆዩት ነበር። ጀርመን የመንግሥት ቢሮዎች ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ እስከ መወሰን ደርሳለች። ቡሌ ላይ ይህ ጥያቄ ከነአካቴው የለም። ቤት ማን ያሞቃል? የሚሞቀው ሰው ነው። ጋቢው፣ ቡልኮው፣ የምድጃው ዳር መቀመጫ፣ አንድ ላይ ተጠጋግቶ መተኛት ሁሉም ሙቀቱን የሚያውሉት ሰው ባለበት ስፍራ ላይ ነው። አራት እጥፍ ጋቢ ለዓመታት የሚያገለግል፣ ነዳጅ የማይጠይቅ ማሞቂያ ነው። ይህን ለቀልድ አይደለም የምለው፤ የቤት ማሞቂያ ወጪን ለመቀነስ ከሚሰጠው ምክር ሁሉ የቀደመው ይኸው ነው።

ቤቱ ራሱ ግን ተለውጧል። የቀርከሃና የሣር ቤት ወፍራም ቆብ እንዳጠለቀ ሰው ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፣ ጭሱም በሣሩ መሀል እየሰረገ ይወጣል፣ ሲወጣም ሣሩን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል። ቆርቆሮ ቤት ዝናብ ባያስገባም ቀን ያገኘውን ሙቀት ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስረክባል። ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው እንጨት ሳይጨምር በፊት ኮርኒስ ቢሠራ ይሻለዋል። የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት እንኳ ቢሆን በጣሪያውና በሰው መካከል የቆመ አየር ይፈጥራል፤ የቆመ አየር ደግሞ ብርድ ልብስ ነው። (የዚያ ኮርኒስ ሌላ ጣጣ ከሰል ላይ ስንደርስ ይመጣል።)

እሳቱስ ከየት ይመጣል? በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ መልሱ «ከጫካ» ነው፤ ጌዴኦ ላይ ግን «ከጓሮ» ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንሰት፣ ቡናና የጥላ ዛፍ ተደራርበው የሚበቅሉበት ማሳ ነው። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት የጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ጥናት ርዕስ ላይ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት የሚለውን ሐሳብ በጥያቄ ምልክት አስቀምጠውታል። ያ የጥያቄ ምልክት ለማገዶም ይሠራል። ዋንዛው፣ ብርብራውና ብሳናው ለቡናው ጥላ እንዲመጥኑ በየጊዜው ቅርንጫፋቸው ይራገፋል፤ የተራገፈው ማገዶ ይሆናል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የደረቀ የእንሰት ቅጠል እሳት ማያያዣ ነው። ዛፍ ሳይወድቅ ምድጃው ሲነድ ይከርማል ማለት ነው።

ሒሳቡ የሚበላሸው መሬቱ ሲያጥር ነው። ጌዴኦ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሰው ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ይዞታ አንድ ሄክታር አይሞላም። ከእንዲህ ያለ ጓሮ የሚራገፍ ቅርንጫፍ ለቤቱ ይበቃ ይሆናል፤ ለዲላ ከተማ ግን አይበቃም። እጥረቱ ሲጠና ምን እንደሚመስል በ2010 ዓ.ም. ክረምት ታይቷል። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሎ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በፕላስቲክ መጠለያ ዝናቡን አሳለፈ። እርዳታ ሲታሰብ ቀድሞ የሚታየው እህል ነው። ስንዴና ባቄላ ግን ጥሬውን አይበላም፤ እህሉን ያወረደ ሰው ማገዶውን ካላሰበ ተረጂው የሚሄደው ወደ ቅርቡ ዛፍ ነው፤ የቅርቡ ዛፍ ደግሞ የአንድ ጎረቤት የቡና ጥላ ነው።

የእርጥቡን እንጨት ነገር ቀላል አድርጎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። እንጨት ውስጥ ያለ ውኃ መጀመሪያ መፍላትና በእንፋሎት መውጣት አለበት፤ ለዚህ የሚጠፋው ሙቀት ለድስቱ የማይደርስ ሙቀት ነው። ስለዚህ የራሰ እንጨት የሚያቃጥል ቤት ብዙ ይፈጃል፣ ትንሽ ያበስላል፣ ጭሱንም ይጠግባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እንደሞተ ገምቷል። አሮጌው መፍትሔ ቆጥ ነው፦ የነገውን እንጨት ከዛሬው እሳት በላይ ሰቅሎ ማድረቅ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት በተረት ትወቀሳለች፤ ቆጥ ያላት መሆኗ ግን አስተዋይ ባለቤት ያሰኛት ነበር። ከተማ ገብተን ቆርቆሮ ቤት ስንሠራ ቆጡን ተውነው። በግድግዳ ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጣሪያ ብቻ ያለው የእንጨት ማስቀመጫ በየካቲት ሞልቶ ማደር ቢችል የሐምሌው ጭቅጭቅ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ምድጃም አለ። በ1980ዎቹ የተሠራጩት ላቀችና ምርት ምድጃ አዲስ ነገር አይደሉም፤ ስማቸውን የማያውቅ ሰውም ጥቂት ነው። ላቀች የከሰሉን፣ ምርት ደግሞ የምጣዱን ሙቀት አቅፎ ይይዛል። ምርት ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ይባልለታል። ነገር ግን ምርት የታሰበው ለእንጀራ ነው። ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ የሚጋገርበት፣ ጎመንና ቦሎቄ ረጅም ሰዓት የሚንተከተክበት ቤት ከምጣዱ ይልቅ ለድስቱ የሚሆን ምድጃ ነው የሚፈልገው። የጌዴኦን ማዕድ ሳያዩ ለሁሉም አንድ ምድጃ ማደል የተለመደ ስንፍና ነው።

አሁን ከሰሉ። ከሰል የከተማ ሰው ማገዶ ነው፤ አይከብድም፣ ብዙ አያጨስም፣ በትንሽ በትንሹ ይገዛል። ዋጋው ግን በገበያ ከሚከፈለው በላይ ነው። በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰልበት ልማድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ እንጨት ይጠፋል፤ የእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ በላይ እዚያው ጉድጓድ ላይ ተንኖ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚታየው ከሰል የግራር አገር ዕዳ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን መኝታ ክፍል የገባው ማንደጃ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል አደገኛው ጭሱ ይመስለናል። ስለዚህ ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያበቃና ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት አስገብተን በር እንዘጋለን። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚያምረው ቀይ ፍም ነው የሚተፋው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይይዘዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፤ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም፤ ከዚያ እንቅልፍ። ክረምት ስለሆነ ራስ ምታቱን የጉንፋን፣ ድካሙን የብርድ ያደርገዋል። እንቅልፉን ማንም አይጠረጥረውም።

የሣር ቤት ይተነፍስ ነበር። የብሎኬት ክፍል፣ ኮርኒስ ተወጥሮለት፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፎ፣ አይተነፍስም። ስለዚህ አያት ሲያደርጉት የኖሩትን የልጅ ልጅ አዲስ ቤት ውስጥ ሲያደርገው ይሞታል። መስኮት በትንሹ መክፈት ይረዳል፤ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ግን ከሰል በምንም ዓይነት ማደር የለበትም። ሙቀት ካስፈለገ የፈላ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። አረጋውያንና አራስ ላሉበት ቤት ይህ ከማንኛውም ማሞቂያ ይልቃል።

ወደ መብራቱ እንለፍ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ስለዚህ የማመንጨት እጥረት የሚመጣው በበጋ መጨረሻ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት ሲፈጠር አገሩ ሁሉ በፈረቃ ሰነበተ፤ ፈረቃው የታቀደው ክረምቱ ግድቡን እስኪሞላው ነበር። ዲላ ላይ ክረምቱ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግድቡ ሲሞላ ሽቦው ይበጠሳል። የጌዴኦ ውበት የሆነው የዛፍ ብዛት ለመስመሩ ጠላት ነው፤ ንፋስ ቅርንጫፉን ሽቦ ላይ ይጥለዋል፣ የራሰ አፈር የእንጨት ምሰሶውን ያዘነብለዋል፣ መብረቅ ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ያ ኃይል ግን በአንዲት የዘመመች ምሰሶ በኩል ነው ወደ ቤት የሚገባው። «ግድብ አለን፣ ለምን መብራት ይጠፋል?» ለሚለው የመንደር ጥያቄ መልሱ ዓባይ ዘንድ አይደለም፤ ቅርንጫፍ የሚመለምል ባለ መሰላል ሠራተኛ ዘንድ ነው።

መብራት ሲመለስም ልብ ማለት ያሻል። ኃይሉ ሲመጣ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሆነ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን የሚቃጠሉት አብዛኛውን ጊዜ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ሶኬት ነቅሎ አሥር ደቂቃ መታገሥ ምንም አያስከፍልም።

ጄኔሬተር ያለው ሰው ጉዳዩ ከነዳጅ ጋር ነው፤ ነዳጅ በዚህ አገር ደግሞ ሁልጊዜ ከመኪና በላይ ነገር ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን አብዮት ሁሉም ያውቃል። በ2014 ክረምት መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር የቤንዚን ሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በ2017 ገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ገባ፤ ነጭ ናፍጣና ኬሮሲን 98 ብር ከ98። ከዚያም በኋላ አልቆመም። የድሃ ቤት የኩራዝና የቡታጋዝ ምድጃ ነዳጅ የነበረው ኬሮሲን ከናፍጣ እኩል ሲሆን ብዙ ቤት ወደ ከሰል ተመለሰ ቢባል ማንን ይደንቃል?

ነዳጁ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይወርድና ዲላ ለመድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ቦቴ አንድ ሳምንት ሲዘገይ ማደያው ይደርቃል፣ መንገድ ዳር ግን በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ አይታጣም፤ ዋጋው የሻጩ ነው፣ ጥራቱም የሻጩ ነው። ይህን ለማስቀረት ክፍያው ከ2015 ጀምሮ በስልክ ሆኗል፣ በጄሪካን መቅዳትም ቁጥጥር ተደርጎበታል። ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ወፍጮ ቤት ሞተሩን ነድቶ ወደ ማደያ አይመጣም። የጄሪካን ቁጥጥር አትራፊውንና ባለ ወፍጮውን በአንድ ዓይን ካየ የሚጎዳው በቆሎውን ተሸክሞ የመጣው ገበሬ ነው። ጄሪካኑን አግኝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ቤንዚን ሻማ በሚበራበት ቤት ውስጥ እያሳደረ መሆኑን አይርሳ።

ሒሳቡን እንሥራው። አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ በአንድ ሊትር ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኃይል ሊሰጥ ይችላል። ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ለማብራት ግን፣ ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም፣ እስከ ሦስት ሊትር ሊፈጅ ይችላል፤ በ2017ቱ የገና ዋጋ እንኳ 300 ብር አለፈ። በዚያ ማታ የተሠራው ሥራ ምንድን ነው? አራት የኤልኢዲ አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ የሁለት ስልክ ባትሪ፤ ሁሉም ተደምሮ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሶ ያህል። ዝሆን ቀጥሮ ሽንኩርት ማስጫን ነው። ያንኑ ሥራ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ግማሹን ብቻ ተጠቅመንበት፣ አንድ ማታ ሸፍኖ ለሁለተኛውም ሊተርፈው ይችላል። ግማሹን ብቻ የምለው የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከዚያ በታች በተደጋጋሚ ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን የዕቃ ሻጮች አይወዱትም። ዲላ ከተማ ውስጥ፣ መብራቱ ጠፍቶ ማታውን ወይም በማግስቱ በሚመለስበት ቤት፣ ቀድሞ የሚገዛው ጄኔሬተርም ሶላርም አይደለም፤ ባትሪና መብራት ሲኖር የሚሞላው ኢንቨርተር ነው። ፓኔሉ ይደርሳል። መስመር ባልደረሰበት የገደብ ወይም የኮቾሬ ገጠር ግን ፓኔሉ ግዴታ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሲገዛ የሚታሰበው የጥር ፀሐይ መሆን የለበትም። በጠራ ቀን 400 ዋት ሰዓት የሚሰጥ ባለ 100 ዋት ፓኔል በደመናማ የነሐሴ ቀን ግማሹን ከሰጠ ጥሩ ነው። ለነሐሴ የተገዛ ሶላር ዓመቱን ሙሉ ያበራል፤ ለጥር የተገዛ በነሐሴ ያሳፍራል።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ከባትሪ ሊጋግር ያሰበ ካለ ግን ይቁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ለመጋገር እንዲህ ያለ ባትሪ ስምንት ዘጠኝ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የምጣዱ ምትክ የደረቀ እንጨትና ምርት ምድጃ ነው፤ ወይም መብራቱ ካለበት ሰፈር ያለች ጎረቤት። ጄኔሬተር የሚገባው ሞተር ላለው፣ ማቀዝቀዣው ሥጋ ወይም መድኃኒት ለያዘ፣ ወፍጮ ለሚያዞር ነው። እሱም በረንዳ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ አይነሳም፤ ጭሱ የከሰሉ ጋዝ ወንድም ነው። የማዞሪያ ማብሪያ ሳይገጠምለት ከቤቱ መስመር ጋር የተገናኘ ጄኔሬተር ደግሞ ኃይሉን ወደ ኋላ፣ ወደ ምሰሶው ይልካል። እዚያ ላይ ሽቦ የሚጠግነው ሰው መስመሩ የሞተ መስሎታል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ቤት ነው። የጌዴኦ ትልቁ የነዳጅ ክረምት ግን የሚመጣው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ቡናው ሲቀላ ነው። የታጠበ ቡና አሠራር አብዛኛው ነዳጅ አይፈልግም። ውኃው ከወንዝ ነው፤ መፍላቱ በገንዳ ውስጥ በራሱ ጊዜ ነው፤ ማድረቂያው አልጋና ፀሐይ ነው። አንድ ነገር ብቻ መጠበቅ አይችልም፦ መፈልፈያው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ገበሬው ቀን ይለቅማል፣ ማታ ያስረክባል፣ ሞተሩ ሌሊት ይሠራል። ብዙው ሞተር የናፍጣ ነው።

ስለዚህ በዚያ ወቅት ቦቴ ሲገባ ማን ቀድሞ ይቅዳ የሚለው የወረፋ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የአንድ የሕዝብ ማመላለሻ ናፍጣ ቢዘገይ ተሳፋሪው ነገ ይሄዳል። የመፈልፈያው ናፍጣ ቢዘገይ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም። በሌላ በኩል የቡና መቀሸሪያዎች ገለባ ክምር በየቦታው ተኝቶ ሳለ፣ ተጨምቆ ቢዘጋጅ ለምድጃ የሚሆን ማገዶ ሳለ፣ ስለ እሱ የሚወራው ቆሻሻ እንደሆነ ነው። ናፍጣውን ባይተካም የከሰሉን ጫና ያቃልል ነበር።

ይርጋጨፌ ላይ፣ ናፍጣ በጠፋበት ሌሊት፣ ጆንያው ቡና ማጠቢያ ጣቢያው ግቢ ውስጥ እንደተደረደረ ያድራል። ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ ከጆንያዎቹ ጋ ተደግፎ ይቀመጣል። እኩለ ሌሊት ላይ ጀርባው ይሞቀዋል። ቀዩ ቡና ከውስጥ መፍላት ጀምሯል።